የሚመላለስ ትኩሳትና የታመመ የልብ ቫልቭ፦ ስለ ኢንዶካርዳይትስ

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። በልጅነቱ «የልብ ቫልቭ ችግር አለብህ» የተባለ ወጣት ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ አንሶላው እስኪረጥብ ያልበዋል፣ ቀን ሲውል ሰውነቱ ይዝላል። ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጣል። «ታይፎይድ ነው» ይባልና ሲፕሮፍሎክሳሲን ይታዘዝለታል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረድ ይላል፤ ሰውየውም ሐኪሙም በሽታውን ያገኙት ይመስላቸዋል። መድኃኒቱ አልቆ ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳቱ ይመለሳል። አሁን ደግሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» ይሆናል፣ ሌላ ኪኒን ይጨመራል። በሁለተኛው ወር ወይ እግሩ አብጦ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፣ ወይ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ ቀኝ እጁና አንደበቱ አልታዘዝ ይሉታል።

ይህ ሰው ታይፎይድ ላይኖርበት ይችላል። ለታይፎይድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው የደም ምርመራ፣ ዊዳል፣ ከዚህ በፊት በነበረ ሕመም ወይም በሌላ ኢንፌክሽን ምክንያትም «ፖዘቲቭ» ስለሚል ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ባክቴሪያው የተቀመጠው ቫልቩ ላይ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር ላይ ነው። የሕመሙ ስም ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይትስ፣ በአማርኛ የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ነው። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ በሚገባ እየታከሙም ሆስፒታል ውስጥ ሕይወታቸው የሚያልፍ ከአምስት አንድ ያህል ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የስም መደበላለቅ እናጥራ። «የልብ ሽፋን ብግነት» ሲባል ሰዉ ሁለት የተለያዩ በሽታዎችን በአንድ ስም ይጠራል። ልብ ከውጭ በከረጢት መሰል ሽፋን ተጠቅልላለች፤ ይህ ሲቆጣ ፔሪካርዳይትስ ነው። ምልክቱ ደረትን የሚወጋ፣ በጀርባ ሲተኙና አየር ሲስቡ የሚብስ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ የሚቀል ሕመም ነው። መንስኤው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ሲሆን እንደ እኛ ቲቢ በበዛበት አገር ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ከተረጋገጠ ሕክምናው የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ነው፣ ውሃ ሞልቶ ልብን ካፈናትም ውሃው በመርፌ ይቀዳል። ሁለተኛው ከውስጥ፣ የልብን ክፍሎችና ቫልቮች የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ሲታመም ነው። ይህኛው ደረትን እምብዛም አያምም፤ የሚመጣው ትኩሳት መስሎ ነው። ከዚህ በታች የምናወራው ስለ እሱ ነው።

ቫልቩ ላይ ምን ይሆናል?

ምግብ ስናኝክ፣ ጥርስ ስንፍቅ፣ ቁስል ስንነካካ ጥቂት ባክቴሪያዎች ወደ ደም ይገባሉ። የጤናማ ልብ ውስጠኛ ሽፋን ልሙጥ ስለሆነ የሚይዙት ነገር አያገኙም፤ ነጭ የደም ሴሎችም በደቂቃዎች ውስጥ ያጸዷቸዋል። የጠበበ ወይም የሚያፈስ ቫልቭ ላይ ግን ደሙ ጠባብ ቀዳዳ እንዳገኘ የቧንቧ ውሃ በኃይል ይረጫል፣ ሽፋኑንም ይልጠዋል። የተላጠው ቦታ ላይ ሰውነት እንደማንኛውም ቁስል ደም የሚያረጉትን ፕላትሌትና የፋይብሪን ክር ያለብስበታል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ባክቴሪያ ክሩ ላይ ይጣበቃል፣ ይራባል፤ በላዩ ሌላ ፋይብሪን ይደረባል፣ በዚያ ላይ እንደገና ባክቴሪያ። በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ሲታይ ከቫልቩ ጫፍ ተንጠልጥሎ በየልብ ምቱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ቁራጭ ሥጋ ይመስላል። ሐኪሞች ቬጅቴሽን ይሉታል።

የሕክምናው ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ቁራጭ አሠራር ነው። ቫልቭ የራሱ የደም ሥር የሌለው ያህል ስለሆነ ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ሊደርሱበት አይችሉም። ከውስጥ የተቀበሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ እጅግ ብዙ ናቸው፤ የሚራቡትም በዝግታ ነው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ የሚገድሉት በመራባት ላይ ያለን ባክቴሪያ ነው፤ ያንቀላፋውን ይስቱታል። ስለዚህ መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን፣ በደም ሥር፣ ለሳምንታት መሰጠት አለበት። ለሰባት ቀን የተወሰደ ኪኒን ደም ውስጥ ያሉትን ጠርጎ ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ጎጆውን ግን አይነካም። ትኩሳቱ የሚመላለሰው ለዚህ ነው።

ጉዳቱ በሦስት መንገድ ይመጣል። ቫልቩ ይበሳል ወይም ይቀደዳል፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልብ ይደክማል። ከቬጅቴሽኑ ቁራጭ ተገንጥሎ ከደም ጋር ይሄዳል፦ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ፣ ወደ ጣፊያ ወይም ኩላሊት ከሄደ የጎን ሕመም፣ ከቀኝ ልብ ከተነሳ ደግሞ ወደ ሳንባ። ሦስተኛው መግል ነው። ኢንፌክሽኑ ከቫልቩ አልፎ ሥጋውን ሲቦረቡር የልብን የኤሌክትሪክ መስመር ያቋርጣል። የአኦርቲክ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ሰውነት የሚወጣበት በር) ኢንፌክሽን ያለበት ታማሚ በየቀኑ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበውን ኤሲጂ ቢነሳ ትርፍ ሥራ የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ፒአር የሚባለው ርቀት እየረዘመ ከሄደ መግሉ መስመሩ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው።

ማንን ይይዛል? ባክቴሪያውስ ከየት ይመጣል?

በበለጸጉ አገሮች ታማሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ፣ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ (ፔስሜከር) የተገጠመላቸው፣ አለበለዚያም ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ናቸው። በእኛ ዘንድ ወጣቶች ናቸው፤ ምክንያቱም ትልቁ መነሻ በልጅነት ከቶንሲል ቀጥሎ የመጣ የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ከልደት የሚመጣ የልብ ቀዳዳ (በተለይ በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው)፣ በኩላሊት እጥበት ምክንያት አንገት ላይ የሚቀመጥ ቱቦ፣ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በዚሁ ሕመም መያዝም አደጋውን ይጨምራሉ።

ባክቴሪያዎቹን በመግቢያ በራቸው ማወቅ ይቻላል። ቪሪዳንስ ስትሬፕቶኮከስ የአፍ ነዋሪ ነው፤ በድድና በጥርስ በኩል ይገባል፣ ቀስ ብሎ በሳምንታትና በወራት ያመነምናል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የቆዳ ነው፤ በእባጭ፣ በቁስል፣ ዙሪያው ቀልቶ ባበጠ ካኑላ (መድኃኒት በደም ሥር የሚሰጥበት ቱቦ) በኩል ይገባል፣ ጤነኛ ቫልቭን እንኳ በቀናት ውስጥ ሊበጣጥስ ይችላል። ኤንቴሮኮከስ ከአንጀትና ከሽንት መስመር ይመጣል። ስትሬፕቶኮከስ ጋሎሊቲከስ የተባለው ከተገኘ ልቡ እየታከመም ቢሆን አንጀት በካሜራ ባለው ቱቦ (በኮሎኖስኮፒ) መታየት አለበት፤ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ዝምድና አለው። ያልተፈላ ወተት ከሚጠጣበት፣ ከብት ከሚዋለድበት ቤት የመጣ ሰው ከሆነ ብሩሴላና ኮክሲዬላ ይታሰባሉ። የልብስ ቅማል የሚያስተላልፈው ባርቶኔላም አለ። እነዚህ የኋለኞቹ በተለመደው የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን ከደም አብቅሎ በመለየት ምርመራ) ቶሎ ወይም ጨርሶ ስለማይበቅሉ ሐኪሙ ካልጠየቀ ታማሚው ራሱ «ጥሬ ወተት እጠጣለሁ» ቢል መልካም ነው። በጣም ጥቂት ጊዜ ደግሞ ቬጅቴሽኑ ባክቴሪያ የሌለበት፣ በሉፐስ ወይም በካንሰር ምክንያት የመጣ ይሆናል።

ስለ ድድ ካነሳን፦ ድድ መነቀስና እንጥል ማስቆረጥ ዛሬም በየቦታው አለ። ለሌላው ሰው ከሚያስከትለው ጉዳት በተጨማሪ፣ ቫልቩ የታመመ ልጅ ላይ እንጥል በምላጭ መቁረጥ ባክቴሪያን በእጅ አንስቶ ደም ውስጥ እንደመጨመር ነው። ይህን ለአያቶች ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው ብንል አናጋንንም።

ምልክቶቹ

ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያተኩሳቸዋል። ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ይከተላሉ። ሐኪሙ በማዳመጫው አዲስ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ትርፍ የልብ ድምፅ ይሰማል። ቀሪዎቹ ምልክቶች በዓይን የሚታዩ ናቸው፣ ግን ፈልጎ ላየ ብቻ ነው፦ ከጥፍር ሥር ስንጥር የገባ የሚመስል ቀጭን ቡኒ ሰረዝ፣ በጣት ጫፍ ሲነኩት የሚያም ትንሽ እብጠት፣ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ የማያም ጠቆር ያለ ነጥብ። ጠይም ቆዳ ላይ እነዚህን መለየት ያስቸግራል፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጎ ከውስጥ ቀያይ ነጥቦች መኖራቸውን ማየት ይቀላል። ሽንት ምርመራ ላይ የሚታይ ደም፣ ከደም ማነስ ጋር፣ «የኩላሊት ኢንፌክሽን» ተብሎ የሚታለፍ ሌላ ምልክት ነው።

ደሙ ከመድኃኒቱ በፊት

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ የቫልቭ ችግር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ሲያተኩሰው ለካልቸር ደም ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ መዋጥ የለበትም። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛ ሁለት ቀን ያህል የተዋጠ አሞክሲሲሊን ባክቴሪያው ጠርሙስ ውስጥ እንዳይበቅል ለማድረግ ይበቃል፤ በሽታውን ለመፈወስ ግን አይበቃም። ባክቴሪያው ካልታወቀ ደግሞ ሐኪሙ ለ6 ሳምንት በግምት ሰፊ መድኃኒት ሊሰጥ ይገደዳል።

አቀዳዱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሙ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች፣ እያንዳንዱ በአዲስ መርፌ፣ ቢቻል በ30 ደቂቃ ልዩነት ይቀዳል። ቀድሞ ከተተከለ ካኑላ መቅዳት አይገባም። ቆዳው በአልኮል ወይም በክሎርሄክሲዲን ይታሻል፣ እስኪደርቅ 30 ሰከንድ ያህል ይጠበቃል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ካጸዳ በኋላ ሥሩን ለማግኘት በጣቱ እንደገና ይዳስሰዋል። የጠርሙሱ ጎማ ክዳንም በአልኮል ይጸዳል፤ ከፋብሪካ ታሽጎ መምጣቱ ንጹሕ አያደርገውም። ለአዋቂ በአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ደም ይገባል። ሁለት ሚሊ ሊትር ብቻ ከገባ ባክቴሪያው ቢኖርም ሊያመልጥ ይችላል። ለሕፃናት መጠኑ እንደ ክብደታቸው ያንሳል።

ሦስት ጠርሙስ ለምን? ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ ከሦስቱ በአንዱ ብቻ ከበቀለ ብዙውን ጊዜ ሲቀዳ የገባ ቆሻሻ ነው፤ በሦስቱም አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ከበቀለ እውነተኛ ነው። ትኩሳት እስኪወጣ መጠበቅም አያስፈልግም፤ በዚህ በሽታ ባክቴሪያው ወደ ደም የሚረጨው ያለማቋረጥ ነው። ታማሚው በጠና ከታመመ፣ ግፊቱ ከወረደ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ ተቀድተው መድኃኒት ወዲያው ይጀመራል። ሳምንታት ያስቆጠረና የተረጋጋ ሰው ከሆነ ግን ውጤት ለማግኘት አንድ ሁለት ቀን መታገሥ ይቻላል።

ቀጥሎ ኢኮ ነው። በደረት ላይ የሚነሳው ኢኮ በራስ (በተፈጥሮ) ቫልቭ ላይ ያለ ቬጅቴሽንን ከአሥር ሰባት ጊዜ ያህል ያገኘዋል፣ በሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ ደግሞ ግማሽ ያህሉን ብቻ። በጉሮሮ በሚገባ ቱቦ የሚነሳው ከአሥር ዘጠኝ ጊዜ በላይ ያያል፤ የሚገኘው ግን በጥቂት ቦታ ነው። ስለዚህ «ኢኮው ንጹሕ ነው» መባል ሁልጊዜ መደምደሚያ አይደለም። ጥርጣሬው ከቀጠለ ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። የካልቸሩን፣ የኢኮውንና የአካል ምርመራውን ውጤት አንድ ላይ የሚመዝን የዱክ መስፈርት የሚባል መለኪያ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ በ2023 ታድሷል።

ሕክምናው

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ለአዋቂ ናቸው፤ የሚወሰኑት በሐኪም፣ በኩላሊት ሁኔታና በካልቸር ውጤት ነው። የጻፍናቸው ታማሚና ቤተሰብ የሚሰጣቸውን እንዲከታተሉ እንጂ ራሳቸው እንዲያዙ አይደለም።

ለፔኒሲሊን እጅ ለሚሰጥ ቪሪዳንስ፣ ፔኒሲሊን ጂ በቀን ከ12 እስከ 18 ሚሊዮን ዩኒት በ4 ወይም 6 ተከፍሎ፣ ወይም ሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ ለ4 ሳምንት። ለእኛ ሁኔታ ሴፍትሪያክሶን ይመቻል፤ በየአራት ሰዓቱ ሌሊትም ነርስ መቀስቀስ አያስፈልግም። ለስታፊሎኮከስ (ስታፍ) ክሎክሳሲሊን በቀን 12 ግራም ተከፋፍሎ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፤ ክሎክሳሲሊንን ከተቋቋመ ቫንኮማይሲን። ለኤንቴሮኮከስ አምፒሲሊን 12 ግራም በቀን ከሴፍትሪያክሶን 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ ጋር ለ6 ሳምንት። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላይ የተቀመጠ ኢንፌክሽን ከ6 ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ይታከማል፤ ስታፍ ከሆነ ሪፋምፒሲን ይጨመራል። ብሩሴላ ዶክሲሳይክሊንን ጨምሮ በሁለት ሦስት መድኃኒት ቢያንስ ለ3 ወር ይታከማል፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ይፈልጋል።

ቀናቱ የሚቆጠሩት መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን ካልቸሩ ንጹሕ ከሆነበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ለዚህም ደም በየአንድ ሁለት ቀኑ እየተቀዳ ይታያል። ይህ ብዙ ቦታ የሚዘለል እርምጃ ነው፤ ሲዘለል ሐኪሙ ሕክምናው መሥራቱን የሚያውቀው በትኩሳት ብቻ ይሆናል።

ከመድኃኒቶቹ ጋር የሚመጣውንም ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንድ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር የሚጨመረው ጄንታማይሲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፤ ጆሮ መጮህ ወይም ማዞር ከጀመረ በዚያው ቀን ይነገር። በራስ ቫልቭ ላይ ላለ የስታፍ ኢንፌክሽን ጄንታማይሲን መጨመር ኩላሊት ከመጉዳት በቀር ጥቅም ስላልታየበት ቀርቷል። ቫንኮማይሲን 1 ግራም ቢያንስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ መንጠባጠብ አለበት፤ በፍጥነት ከገባ ፊትና አንገት ቀልቶ ያሳክካል፣ ግፊትም ይወርዳል። ቤተሰብ «ቶሎ ይለቅ» ብሎ የመድኃኒቱን መቆጣጠሪያ መፍታት የለበትም።

ትኩሳቱ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ በሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ጠፍቶ የቆየ ትኩሳት በሦስተኛ ሳምንት ከተመለሰ መጀመሪያ የሚታየው ካኑላው ነው፣ ቀጥሎ የቫልቩ ዙሪያ መግልና የጣፊያ መግል፣ ከዚያ ለመድኃኒቱ የሰውነት አለርጂ።

ሆስፒታል ተኝቶ ስድስት ሳምንት መክረም ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለመጣ ሰው ደግሞ የአስታማሚ ቀለብና ማደሪያም አለ። በዴንማርክ 400 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት፣ ቢያንስ 10 ቀን በደም ሥር ታክመው የተረጋጉ ሰዎች ቀሪውን በኪኒን ቢጨርሱ ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። ነገር ግን ኪኒኖቹ ከተለያየ ዘር የተመረጡ ሁለት መድኃኒቶች፣ በከፍተኛ መጠን ነበሩ፤ ባክቴሪያው ታውቋል፣ መግል አለመኖሩም በጉሮሮ ኢኮ ተረጋግጧል። እነዚህ ባልተሟሉበት «ቤቴ ሄጄ እውጣለሁ» ማለት ያንን ጥናት መከተል አይደለም።

ደም ማቅጠኛ ቬጅቴሽኑን አያሟሟም፤ ለዚህ ተብሎ አይጀመርም። በብረት ቫልቭ ምክንያት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ግን አንጎሉ ውስጥ ደም የመፍሰስ አደጋ ስላለ ራስ ምታት ወይም መደነጋገር ሲመጣበት ሳይውል ሳያድር ይነገር።

ግማሽ ያህሉ ታማሚዎች ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፦ ቫልቩ ተበጣጥሶ የመጣ የልብ ድካም፣ በመድኃኒት የማይገታ ኢንፌክሽንና መግል፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ ቁራጭ የወረወረ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቬጅቴሽን። «አንቲባዮቲኩን ይጨርስና ከዚያ ይታያል» የሚለው ልማድ ለልብ ድካም አይሠራም፤ የተቀደደ ቫልቭ በመድኃኒት አይሰፋም። በአገራችን የቫልቭ ቀዶ ሕክምና የሚሠራባቸው ቦታዎች ጥቂት፣ ወረፋውም ረጅም ነው። ስለዚህ የማስተላለፊያ ወረቀቱ የሚጻፈው ታማሚው ሲደክም ሳይሆን ቬጅቴሽኑ በታየበት ሳምንት ቢሆን ይሻላል።

የወር መርፌውና የጥርስ ሐኪሙ

የሩማቲክ ታማሚዎች በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጉት 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኩሳት እንዳያገረሽ ነው። ኢንዶካርዳይትስን አይከላከልም። ብዙ ሰው «እኔ እኮ መርፌዬን አላቋረጥኩም» ብሎ ትኩሳቱን ችላ ይላል፤ መርፌው መቋረጥ የለበትም፣ ግን ለዚህኛው ጋሻ አይሆንም።

ጥርስ ከመነቀሉ ወይም ድድ ከመነካቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ 2 ግራም አሞክሲሲሊን፣ ማለትም ባለ 500 አራት ፍሬ፣ የሚሰጣቸው ሰዎች አሉ፦ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያላቸው፣ ከዚህ በፊት ኢንዶካርዳይትስ የያዛቸው፣ ከልደት ጀምሮ ሰውነትን የሚያጠቁር የልብ ሕመም ያለባቸው። ለልጅ 50 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን 1 ግራም። ፔኒሲሊን ለማይስማማው አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም። በሩማቲክ ለተጎዳ የራስ ቫልቭ መመሪያዎች ይለያያሉ፤ የአሜሪካኑ አያካትተውም፣ የአውስትራሊያው ያካትታል፤ ስለዚህ የልብ ሐኪምዎን አንድ ጊዜ ጠይቀው ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። የወር መርፌ የሚወጉ ከሆነም ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩ፤ የአፍዎ ባክቴሪያ ፔኒሲሊንን ለምዶ ሊሆን ስለሚችል ከሌላ ዘር መድኃኒት ሊመርጥልዎ ይችላል። ለጥርስ ራጅ ወይም በራሱ ለሚወልቅ የወተት ጥርስ ምንም አይወሰድም።

ከዚያች አንድ ቀን መድኃኒት ይልቅ የሚያዋጣው የዕለት ተዕለቱ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ፣ ድድን ሳያደሙ ማጽዳት፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ጥርስን መታየት፤ እባጭን አለማፍረጥ።

ታክሞ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ኢኮ ቢነሳ ጥሩ ነው፤ ቫልቩ ከዳነ በኋላም ቀስ ብሎ ሊያፈስ ይችላል። በሽታው ተመልሶ የመምጣት ዕድሉም ከሌላው ሰው ይበልጣል። ኪሱ ውስጥ ሁለት መስመር የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ፦ «ኢንዶካርዳይትስ ነበረብኝ። ካተኮሰኝ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ከሦስት ቦታ ለካልቸር ደም ይቀዳልኝ።»